የፍሬን ቱቦ መርዶ

አንዲት መስመር መጻፍ ያቃተው ሰው ምን ያህል መከራ ሊያመጣ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ካለ ሩቅ አይሂድ፣ እኔን ይይ። መስመሯ ከአምስት ቃል አትበልጥም ነበር። «የዳማ የፍሬን ቱቦ አየር ያስወጣል»፣ አለቀ። እኔ እሷን ላለመጻፍ ስል ሁለት ሽማግሌ ከአልጋቸው አስነሣሁ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አስለቀስኩ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ደግሞ አሥራ ሁለት እንቁላል እንድትቀቅል አደረግሁ። እንቁላሉን ቆጥሬዋለሁ፤ ሦስቱን የበላሁት እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው።

ከአሽዶድ ወደብ ጀርባ ካለ የጭነት መኪኖች ግቢ ውስጥ ሾፌር ነኝ። የምነዳው ባለ ተሳቢ ነው። ሚስቴ ርዝመቱን ስትጠይቀኝ «አፍንጫው አሽዶድ ሲገባ ጅራቱ ገና ከአሽቀሎን እየወጣ ነው» እላታለሁ። በግቢያችን አንድ ሕግ አለ። ሾፌር ጠዋት ከመውጣቱ በፊት መኪናውን ዞሮ ጎማውን፣ ብሎኑን፣ መብራቱን፣ ፍሬኑን ያያል። ከዚያ ያገኘውን ጉድለት ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ በካጺኑ ሣጥን ውስጥ ይከታል። ካጺን የምንለው የደኅንነት ኃላፊውን ነው፤ ቃሉ ዕብራይስጥ ነው፣ ፍርሃቱ ግን የሁላችንም ነው።

እኔ ደግሞ ጎንደር ያደግሁ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ «እንዴት አደርክ» ለሚል ሰው መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ጥርስህ ሲጠዘጥዝህ ቢያድርም፣ ላምህ ብትጠፋም፣ ጣራህ ቢያፈስም መልሱ ያው ነው። ጉድህን የምትዘረዝረው ሦስት ጊዜ ከተጠየቅህ በኋላ ነው። ወረቀቱ የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናም «የመኪናው ሁኔታ» በሚለው ሥር አንድ ዓመት ሙሉ «ባሩክ ሃሼም» እያልኩ ጻፍኩ። ይመስገን ማለት ነው።

አንድ ቀን ካጺኑ ግሪሻ ጠራኝ። ግሪሻ ከሩሲያ የመጣ፣ ዝም ሲል የሚያስፈራ፣ ሲናገር ግን ዝምታውን የሚያስናፍቅ ሰው ነው። ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ቆልሏቸዋል።

«ይህ የመኪና ወረቀት ነው ወይስ የጸሎት መጽሐፍ?» አለኝ።

«ሁለቱም ያስፈልጋሉ» አልኩት።

«ማክሰኞ በአንድ መብራት ብቻ ነው የገባኸው። ወረቀትህ ምን ይላል?»

«ባሩክ ሃሼም።»

«በአንድ መብራት?»

«ምንም የሌለው አለ» አልኩት።

በማግስቱ እልህ ይዞኝ ሠላሳ ሰባት ጉድለት ጻፍኩለት። የጋቢናው በር ሲዘጋ ያቃስታል። ወንበሩ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ ያዘማል። ሬዲዮው ከዜና በቀር አይይዝም፣ ዜናውም ደግ አይደለም። ከኋላ በስተቀኝ ሦስተኛው ጎማ ፊቱ ደስ አይልም። ግሪሻ ጎማው ላይ ሲደርስ ማንበቡን ትቶ ወጣ። ጎማው ላይ የጣቴን ያህል ምስማር ተሰክቶ አገኘ። ተመልሶ «ይቺን ነው የምፈልገው። የቀሩትን ሠላሳ ስድስት ለሚስትህ ንገራት» አለኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የራሴን መኪና ነውር ማውጣት ለመድኩ። የሰው መኪና ነውር ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ሰውየው አያ ታከለ ናቸው። ስድሳ ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ በአገር ቤት ከሁመራ ጎንደር ሰሊጥ ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ከእኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጠው የመጡ የግቢያችን አንጋፋ ሾፌር። መኪናቸው ቀይ ዳማ ቀለም ስላለው «ዳማ» ብለው ስም አውጥተውለታል፣ እንደ ፈረስ። ዓርብ ዓርብ እንደ ሙሽራ ያጥቡታል። ባለፈው ዓመት አንድ ሾፌር በሰው ፊት «አያ ታከለ፣ ፍሬቻዎ አይሠራም» ብሎ ቢጮኽ ስድስት ወር ሰላምታ ነሱት። ፍሬቻው እውነት አይሠራም ነበር። ቢሆንስ፣ በሰው ፊት ይባላል?

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አያ ታከለ ዳማን ሲያቆሙ አጠገቡ ነበርኩ። «እስስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጤነኛ ፍሬን እግር ሲነሣለት ነው የሚተነፍሰው፤ ይህ ግን እግር ላዩ ላይ እያለ ይተነፍሳል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በጎታቹና በተሳቢው መካከል ያለው የአየር ቱቦ ከብረት ጋር ሲፋተግ ከርሞ ሆዱ አልቋል። እሑድ ጠዋት ደግሞ ዳማ ከባድ ብረት ጭኖ ወደ ሙት ባሕር ይወርዳል። ያንን መንገድ የማታውቁት ካላችሁ፣ ቁልቁለቱ ጆሮ ይደፍናል። በዚያ ቱቦ ያ ቁልቁለት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወረደው።

ጽፎ ሣጥን ውስጥ መክተት ነበር። ግን ግሪሻ ወረቀቱን የሚያነበው ጠዋት በሁሉ ፊት ነው፤ የጻፈውን ሰው ስም ጭምር። ታላቄን በአደባባይ አሳጣቸዋለሁ? አይሆንም፣ በጆሯቸው፣ በክብር፣ በቀስታ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሄድኩ።

«አያ ታከለ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ይመስገን። ልጆቹስ?»

ልጆቻቸው አምስት ናቸው፤ አንዱን ጠይቆ ሌላውን መተው ነውር ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ወታደር ናቸው፣ ወታደር ደግሞ ረዘም ተደርጎ ነው የሚጠየቅ። ከዚያ የልጅ ልጆች፣ ከዚያ ጎንደር የቀሩት እኅታቸው። ገና ጉልበታቸው ላይ ስደርስ ወደ ሰፈራቸው ወደ ሮቫ ዛይን የሚሄደው አውቶቡስ መጣ። «በል ደህና እደር፣ እንዳንተ ያለ ጠያቂ አይጥፋ» ብለውኝ ተሳፈሩ። በዚያ ሁሉ መልካም አነጋገር የግሪሻን ያህል እንኳ አልጠቀምኳቸውም።

ዓርብ ሄድኩ። ዳማን እያጠቡ ነው፣ ያንጎራጉራሉ።

«ዳማ ትንሽ አልደከመም ይላሉ?» አልኳቸው።

«ማን? ዳማ? የደከምከውስ አንተ ነህ፤ በል ይህችን ያዝ» ብለው ስፖንጅ ሰጡኝ።

እናም አጠብኩት። ቱቦውን ራሱን በሳሙና አጠብኩት። እሳቸው ጋቢና ገብተው መስተዋት ሲወለውሉ እግራቸው ፍሬኑን ረገጠና በቱቦው ሆድ ላይ አረፋው እንደ ሕፃን አፍ ቡልቅ ቡልቅ አለ። እኔም ምን አደረግሁ? አረፋውን በውኃ አጠራሁት። ንጽሕና ጥሩ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ደረሰ። ወደ ማታ ገደማ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የማይወጣ የለምና፣ እዚያው አገኘኋቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይሄዳሉ። አጠገባቸው ሆኜ መራመድ ጀመርኩ።

«አያ ታከለ፣ ትንፋሹ የሚያመልጥ በሽተኛ ቢኖር፣ ሳይብስበት ሐኪም ቢያየው አይሻልም?»

ቆሙ። «ማን ታመመ?»

«አንድ የምንወደው ነው።»

«ዘመድ ነው?»

«ዘመድ እንኳ አይባልም።»

«ሰው ነው?»

«ሰውም አይባልም።»

እንደገና መራመድ ጀመሩ። «እንግዲያ ሥራ ነው። በሰንበት ሥራ አይወራም፣ ነገ ትነግረኛለህ።»

«ነገ ስንት ሰዓት ይወጣሉ?»

«እሱም ሥራ ነው» ብለው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ።

ሰንበት ሲወጣ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ሚስቴ በላይነሽ ነገሩን ሁሉ ስትሰማ «ነገ ጠዋት በሩ ላይ ቁምና ‹ቱቦህ ተቀዷል› በለዋ» አለችኝ። በላይነሽ ነገር ማሳጠር ትወዳለች። በሃያ ዓመት ትዳራችን የተጣላነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እስካሁን አላለቀም። «አንቺ የሰው ክብር አታውቂም» ብያት ወደ ሮቫ አሌፍ ሰፈር፣ ወደ አባ ይርጋ ቤት ገሠገሥኩ።

አባ ይርጋ በአሽዶድ ያለውን ባልና ሚስት ግማሹን ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። የቀረው ግማሽም ተራ እየጠበቀ ነው። ነገሬን አድምጠው ጢማቸውን ዳሰሱና «ክፉ ወሬ በደረቁ አይሰጥም። ማልደን፣ ሁለት ሽማግሌ ሆነን፣ እቤቱ ድረስ እንሄዳለን» አሉ። ሁለተኛው ጎረቤታቸው አባ ወርቁ እንዲሆኑ ተወሰነ። አባ ወርቁ ጆሯቸው ከባድ ነው፤ ስለምን እንደምንሄድ ሁለት ጊዜ ጮኸን ነገርናቸው፣ ሁለት ጊዜም በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። የገባቸው መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እኔ ያላሰብኩትን አንተ እስካሁን አስበኸዋል። እኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ ገና ሳይነጋ፣ ሳይጠሩ በር ካንኳኩ ነገሩ አንድ ብቻ ነው፣ መርዶ። በሩቅ ያለ ዘመድ ሲሞት የሚነገረው እንዲያ ነው። እኔ ራሴ የአባቴን ሞት የሰማሁት እንዲያ ነው። ግን ያን ሰሞን አእምሮዬ ሙሉ በሙሉ ቱቦ ሆኖ ነበር።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ አያ ታከለ ያሉበትን ሕንፃ አራት ፎቅ ወጣን። አሳንሰር የለውም። የአባ ይርጋ ከዘራ በየደረጃው «ቋ፣ ቋ» ሲል ገና ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ በሮች ገርበብ ማለት ያዙ። አንኳኳን። አያ ታከለ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዳቦ በእጃቸው ይዘው ከፈቱ። ፊት ለፊት አባ ይርጋን በነጭ ኩታ፣ ከኋላቸው አባ ወርቁን በነጭ ኩታ፣ ከሁሉ በስተኋላ እኔን ኮፍያዬን አውልቄ አዩ። ዳቦው ወደቀ።

«ማን ነው?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

አባ ይርጋም፣ ልማድ ክፉ ነው፣ «እስቲ እንቀመጥ» አሉ።

«እስቲ እንቀመጥ» ከተባለማ ምን ቀረ። አያ ታከለ «እኅቴን» ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከመኝታ ቤት ሚስታቸው እትዬ ጠጄ «ወንድሜን» እያሉ ወጡ። ባል የሚያለቅሱት ለእኅታቸው፣ ሚስት የሚያለቅሱት ለወንድማቸው፤ ሁለቱም ሟቾች በዚያ ሰዓት ጎንደር ውስጥ በሰላም ተኝተው ያንኮራፋሉ። አባ ይርጋ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ሐዘንተኛ ሲያለቅስ አይቋረጥም፣ መጀመሪያ አብሮ ይለቀሳል፣ ሥርዓቱ ነው። አለቀሱ። አባ ወርቁማ ከመጀመሪያውም ሰው የሞተ መስሏቸው ነበርና ከባለቤቶቹ አብልጠው አለቀሱ። ሁለት ሽማግሌ ሲያነባ አይቶ የሚችል አንጀት የለኝም፤ እኔም ተንሰቀሰቅሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለምን እንደሚያለቅስ በትክክል የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ለግማሽ ሜትር የጎማ ቱቦ።

ከታችኛው ፎቅ ጆርጄት የምትባል ሞሮኳዊት ጎረቤት ደረሰች። «ማን ነው? ማን ነው?» ብላ በዕብራይስጥ ጠየቀች። የሚመልስላት ስታጣ እሷም አልቅሳ፣ ወርዳ፣ የተቀቀለ እንቁላል በሰሃን ይዛ ተመለሰች። ሐዘንተኛ እንቁላል መብላት አለበት ትላለች። ቀጥላ የፕላስቲክ ወንበር አስመጣች፣ ቀጥላ እንደ አይሁድ የሐዘን ቤት ወግ መስተዋቱን በአንሶላ ሸፈነች። ሥራ የምታውቅ ሴት ናት፤ እሷ ግቢያችን ብትቀጠር ኖሮ አንድም መኪና ባልተበላሸ።

በዚህ መካከል የቤቱ ስልክ ጮኸ። ያነሣችው ጆርጄት ናት። ጥቂት አዳምጣ፣ በለሰለሰ ድምፅ ጥቂት ተናግራ ዘጋችው።

«ማን ነበር?» አልኳት አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

«ከሥራ ነው። ታከለ የት አለ አሉኝ። ሐዘን ላይ ነው፣ ሰባት ቀን እንዳትጠብቁት አልኳቸው። ደግ ሰዎች ናቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹እሱ አያስብ፣ መኪናውን ሌላ ሾፌር ይዞት ይወጣል› አሉ።»

እንባዬ እዚያው ደረቀ። አንድ ምንም የማያውቅ ሰው፣ የሚስት ባል፣ የልጆች አባት፣ አሁን ዳማ ላይ ወጥቶ ወደ ሙት ባሕር ቁልቁለት ሊነዳ ነው። የላከውም የእኔ ጨዋነት ነው።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«አያ ታከለ፣ ማንም አልሞተም። እኅትዎ ደህና ናት። የእትዬ ጠጄ ወንድም ደህና ነው። የዳማ የፍሬን ቱቦ ነው፤ አየር ያስወጣል።»

አማርኛ የማትሰማው ጆርጄትና ጆሮ የሌላቸው አባ ወርቁ ብቻ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ።

«ቱቦ?» አሉ አያ ታከለ።

«ቱቦ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐሙስ።»

«ሐሙስ ስለ ጉልበቴ ስትጠይቀኝ…»

«ወደ ቱቦው እየመጣሁ ነበር።»

አያ ታከለ ከወለሉ ሲነሡ ያ የምጠይቀው ጉልበት ምንም እንደሌለበት አየሁ። ስልኩን ነጥቀው ወደ ግቢው ደወሉ፣ በዚያ በራሳቸው ዕብራይስጥ። «ግሪሻ፣ ታከለ ነኝ። ዳማን አታስወጣው። የፍሬን ቱቦው ተቀዷል። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አላየሁትም።» ዘጉት። እኔ ሦስት ቀንና ሁለት ሽማግሌ የፈጀሁበትን ነገር እሳቸው አንድ እንቁላል ተልጦ ሳያልቅ ጨረሱት።

በእኔ የቤት መኪና ወደ ግቢው በረርን። ዳማ መውጫው በር ላይ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ግሪሻ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተገትሯል፣ በሬ እንደሚመልስ ሰው። መካኒኩ ቱቦውን በሁለት እጁ አጠፍ ቢያደርገው እንደ ደረቀ የባቄላ ቆባ ተሰነጠቀ። ሊነዳው የነበረው ሾፌር ከጋቢናው ወርዶ ሲጋራውን በተቃራኒው በኩል ለኮሰው። አያ ታከለ ወደ ዳማ አፍንጫ ጠጋ ብለው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ለሁለታቸው ቦታ ለቀቅሁ።

ግሪሻ ግን ቦታ አለቀቀልኝም።

«ሐሙስ ካየኸው ለምን አልጻፍክም?»

ስለ መርዶ ሥርዓት አስረዳሁት። ክፉ ወሬ በደረቁ እንደማይሰጥ፣ በሽማግሌ እንደሚነገር፣ በቀስታ እንደሚጀመር። አድምጦ አድምጦ «በእኛ አገር መርዶ በቴሌግራም ነበር የሚመጣው። ሦስት ቃል ነው፤ አንዱ ስም ነው» አለና ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

የመኪናውን ጎን ተደግፌ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አያ ታከለ በትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወጡ፣ ደግመው አነበቡት።

«‹ትንሽ› የምትለዋን አውጣት» አሉኝ።

ሠረዝኳት።

ሰላምታ ይነሱኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልነሱኝም። እንዲያውም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጎንደር ደውለው ከእኅታቸው ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። «ዐሥር ዓመት ሳልጠግብ የዘጋሁትን ስልክ ዛሬ ጠገብኩት» አሉኝ። ተረሳ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አባ ይርጋ በነጭ ኩታ። አባ ወርቁ በነጭ ኩታ፣ ዐይናቸው ከአሁኑ እንባ አቅርሯል። ከኋላቸው አያ ታከለ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።

«እስቲ እንቀመጥ» አሉ አባ ይርጋ።

ማወቁንስ አውቃለሁ። ይህ በቀል ነው፣ የማውቀው ቀልድ ነው፣ ራሴ የፈለሰፍኩት ነው። እንዲያም ሆኖ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴን አሰብኩ፣ አጎቴን አሰብኩ፣ ከሞቱ ሃያ ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ሳይቀር እንደገና ይሞቱ ይሆን ብዬ ፈራሁ። አያ ታከለም አጠገቤ ተቀምጠው፣ እጄን ይዘው፣ በቀስታ ጀመሩ። እንዴት አደርክ አሉ። ሚስትህስ አሉ። ልጆችህን አንድ በአንድ ጠየቁ። ስለ ወገቤ ጠየቁ። ስለ ሚስቴ እናት ወገብ ጠየቁ። ከኋላዬ በላይነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንፈቀፈቃለች፤ የምታለቅስ መስሎኝ ብዞር የምትስቀው በእኔ ነው። በመጨረሻ አያ ታከለ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ልጄ፣ በርታ። የተሳቢህ የኋላ መብራት በስተግራ አይበራም።»

ከልብሳቸው ሥር አንድ ሰሃን አወጡ። ጆርጄት የላከችው እንቁላል ነበረበት።

እየሰደብኳቸውም እየበላሁም ወደ ግቢው አብረን ሄድን። ዞሬ አየሁት፤ መብራቱ እውነት አይበራም። ወረቀቱን አውጥቼ ጻፍኩት። «ትንሽ» አልጨመርኩበትም።